ቀድሞ የሚደርስ ኪስ

አንድ ሰው በነጠላ የጠቀለለውን የብራና መጽሐፍ ብብቱ ሥር ይዞ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ደረሰ እንበል። መጽሐፉን ከአያቱ ወርሶታል። ቸግሮታል፤ ቤቱ የታመመ አለ፤ ዋጋውን ቆርጦ መጥቷል፤ በማግሥቱ ወደ አገሩ የሚመለስበትን የአውቶቡስ ቲኬትም ይዟል። የቤተ መጻሕፍቱ ሰው መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ያያል፤ ልቡ ይመታል። ከዚያስ? ከዚያማ ደንብ ይነሣል። በጀት ተይዞለታል ወይ? የግዢ መጠየቂያ ተሞልቷል ወይ? ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል? ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ ይምጣ! በዓለም ላይ አንድ ብቻ ለሆነ መጽሐፍ ሦስት ፕሮፎርማ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ደንቡ ክፉ ሆኖ አይደለም። ለወንበር፣ ለወረቀትና ለመኪና ጎማ የወጣ ደንብ ነው፤ ሌባን ለመከላከል የወጣ ነው። ብራና ግን ጎማ አይደለም። ሰውየው የተባለውን ሰምቶ መጽሐፉን መልሶ ይጠቀልልና ቁልቁል ወደ ቅርሳ ቅርስ ሱቆቹ ይወርዳል። እዚያ ፕሮፎርማ የሚጠይቀው የለም። ማታ መጽሐፉ የአንድ ቱሪስት ሻንጣ ውስጥ፣ በሹራብና በሹራብ መካከል ተኝቷል።

ይህ ምሳሌ ነው። ነገር ግን የአንድ መጽሐፍ ዕድል የሚወሰነው በእንደዚህች ያለች አጭር ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ። በዚያች ሰዓት ዝግጁ ገንዘብ የያዘ ማን ነበር? የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ስደት ለመረዳት ከዚህ ጥያቄ የተሻለ መክፈቻ እስካሁን አላገኘሁም።

መቅደላን እንውሰድ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን በዘበዘ። ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከየአድባራቱ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት አብረው ተዘረፉ። ምርኮው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ደረሰ፤ እዚያም ሁለት ቀን የፈጀ ጨረታ ተካሄደበት። የተገኘው ገንዘብ ለወታደሩ ተከፋፈለ። እስከዚህ ያለውን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ከተጫራቾቹ አንዱ ነው። ስሙ ሪቻርድ ሆልምስ ይባላል፤ ወታደር አልነበረም፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ነበር። ሙዚየሙ ገና ጦሩ ሲነሣ ገንዘብ አስይዞ አብሮ ልኮታል። ልብ በሉ፤ ከመድፉና ከዝሆኑ ጋር የቤተ መጻሕፍት ኪስ አብሮ ዘመተ! በኋላ ወደ ሙዚየሙ የገቡትና ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኙት የመቅደላ ብራናዎች 350 ያህል ናቸው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1872፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ከተወሰደው ሁሉ ሁለት ነገር ብቻ ለይተው ጠየቁ፤ አንዱ ክብረ ነገሥት ነበር፣ ሌላው ኩርዓተ ርእሱ የሚባለው ሥዕል። ሙዚየሙ የክብረ ነገሥት ሁለት ቅጂ ስለነበረው አንዱን መለሰ። ሥዕሉ ግን ሊገኝ አልቻለም ተባለ። የት ነበር? ሆልምስ ቤት! ሆልምስስ በዚያን ጊዜ ማን ነበር? በዊንድዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የራሷ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ። ደብዳቤው የተጻፈላት ንግሥት ቀለብ የምትሰፍርለት ሰው ነበር ሥዕሉን የያዘው። ሆልምስ ከሞተ በኋላ ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1917 ተሸጠ፤ ከዚያም ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ።

አንድ ነገር ከወጣ በኋላ ኑዛዜም አይመልሰውም። ሌዲ ሚዩ የተባለች ባለጠጋ እንግሊዛዊት ያሰባሰበቻቸውን የኢትዮጵያ ብራናዎች ለዐፄ ምኒልክ ተናዝዛ እ.ኤ.አ. በ1910 ሞተች። ኑዛዜው ፈረሰ፤ መጻሕፍቱ አሜሪካዊው የጋዜጣ ከበርቴ ሄርስት እጅ ገቡ። ሟቿ ራሷ ይመለስ ያለችው መጽሐፍ ካልተመለሰ ሌላውን እናንተው ገምቱት።

መቼም የመጽሐፍ ነገር ሲነሣ ኀዘኑን ብቻ ለእኛ የተሰጠ አድርገን እንቆጥረዋለን። የኦክስፎርዱ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ግን ያጽናናል፤ ያስቃልም። እ.ኤ.አ. በ1623 የሼክስፒር ተውኔቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰብስበው ሲታተሙ አንዱ ቅጂ ለቦድሊያን ተሰጠው። በ1660ዎቹ አዲስ እትም ሲወጣ፣ አዲሱ ካለ አሮጌው ምን ያደርጋል ተብሎ ያ መጽሐፍ ከቤቱ ወጣ። በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት ቤተ መጻሕፍት አንዱ በገዛ እጁ አወጣው ማለት ነው። ከ240 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1905፣ አንድ ተማሪ የቤተሰቡን አሮጌ መጽሐፍ ጥራዙ ስለተጎዳ ምክር ልጠይቅ ብሎ ይዞት መጣ። የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ጥራዙን አዩት፤ የራሳቸው መጽሐፍ ነው! የደስታው ዜና ሲሰማ ግን ከአሜሪካ 3,000 ፓውንድ የሚከፍል ገዢ ተነሣ። ቦድሊያን ይህን የሚያህል ገንዘብ አልነበረውም። ያለው አማራጭ ልመና ነበር። ለቀድሞ ተማሪዎችና ለመጽሐፍ ወዳዶች ጥሪ ተደረገ፤ እያንዳንዱ የአቅሙን ወረወረ፤ በ1906 መጽሐፉ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ1925 ደግሞ የቦድሊያን ወዳጆች ማኅበር ተቋቋመ፤ የልመናው ኪስ ሁልጊዜ እንዲሞላ ማለት ነው። ፈረንሳዮቹ ቀደም ብለው በ1913 ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታቸው እንዲህ ያለ ማኅበር አቋቁመዋል።

እንግዲህ ወደ ስድስት ኪሎ እንምጣ።

ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ የታሪክ ጣጣ የበዛበት ግቢ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚያ ነው። በግቢው የቆመው ጠመዝማዛ ደረጃ ፋሺስቶች የሥልጣን ዓመታቸውን ለመቁጠር የሠሩት ሲሆን ከነጻነት በኋላ አናቱ ላይ አንበሳ ተቀምጦበታል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ መኳንንቱ በጥይት የወደቁትም በዚሁ ቤት፣ በአረንጓዴው ሳሎን ነው። ከዚያ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤቱን ለትምህርት ሰጡት፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። በዓመቱም፣ በ1955 (እ.ኤ.አ. 1963)፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ተመሠረተ። ደም የፈሰሰበት ቤት መጽሐፍ ተደረደረበት፤ የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይቀሩ የሙዚየም አካል ሆኑ።

የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ነበሩ። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክኸርስት ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ለንደን ላይ ጋዜጣ አቋቁመው የተሟገቱልን፣ በኋላም አዲስ አበባ መጥተው የኖሩ፣ በ1953 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ የተቀበሩ ናቸው። የልጃቸው ባለቤት ሪታ ፓንክኸርስት ደግሞ በመጀመሪያ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ቀጥሎም በዩኒቨርሲቲው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። ከእነዚህ ጋር መጠራት ያለበት፣ ግን እምብዛም የማይጠራ ሌላ ሰው አለ፤ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ። እ.ኤ.አ. በ1950 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ የያዙ፣ ተቋሙ ሲመሠረትም ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን አብረው የጠበቁ ሰው ናቸው። ገና ማንም ትኩረት ሳይሰጠው መስቀሉን፣ የገበታ ሥዕሉን፣ የገበሬውን መሣሪያ፣ የጠጅ ቤቱን ዕቃ ሳይቀር አንድ ባንድ ለቀሙ። ዛሬ በዓለም ከሚታወቁት ታላላቅ የኢትዮጵያ ሥዕሎች ስብስብ አንዱ ስድስት ኪሎ መገኘቱ ከእሳቸው ትጋት የተነሣ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እነዚህ ሰዎች ነበሩ ያን የፕሮፎርማ ጣጣ በየሳምንቱ የሚያዩት። ተቋሙ በተመሠረተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወዳጆች ማኅበር ተቋቋመ፤ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ሶፊስ ይሉታል። ዓላማው ሲነገር አንድ ዓረፍተ ነገር አይሞላም፤ ከአባላት መዋጮና ከለጋሾች ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ከአገር ሊወጡ የተቃረቡ ብራናዎችን፣ ሥዕሎችንና መስቀሎችን መግዛት፣ የገዙትንም ለተቋሙ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም መስጠት። በቃ። ግን ይህች "በቃ" የምትባለው ነገር ናት የጎደለችው። የማኅበሩ ገንዘብ የመንግሥት ገንዘብ ስላልሆነ የመኪና ጎማን ደንብ አይከተልም። ባለሙያው "ይገዛ" ካለ ማግሥቱን ይገዛል። ባለመጽሐፉ አውቶቡሱ ሳያመልጠው ይሄዳል፤ መጽሐፉም አዲስ አበባ ይቀራል።

የወዳጅ ማኅበር ትርፉ ገንዘብ ብቻም አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ማለት አቧራ ነው፤ ብልና ምስጥ ነው፤ ካርድ ያልወጣለት ሣጥን ነው። አንድ ሰው ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ የተደበላለቀ ጋዜጣ በቀን በቀኑ ቢያስተካክል፣ ግእዝ የሚያውቅ ካህን የብራናውን የመጨረሻ ገጽ አንብቦ ማን እንዳጻፈው ቢናገር፣ ኦሮምኛ የሚያነብ መምህር ርእሱ ያልታወቀውን ጥራዝ ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ ይህ ሁሉ በብር ሲተመን ብዙ ነው። ተራ የሚመስለው ወረቀትም ይቆጠራል። የስድሳዎቹ የተማሪ ንቅናቄ በራሪ ወረቀት ዛሬ ለታሪክ ጸሐፊ ብርቅ ነው፤ በጊዜው ግን ፖሊስ ሲያየው የሚያሳስር፣ ባለቤቱ ሲደነግጥ የሚያቃጥለው ቁራጭ ወረቀት ነበር። ያን ጊዜ ሰብስቦ ያስቀመጠው ሰው ነው ዛሬ ታሪክ የሚያጽፈው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። ገዢ ካለ ሌባ አለ ይላሉ። ቤተ መጻሕፍት ለብራና ገንዘብ ይከፍላል መባሉ ከተሰማ የገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት በሌሊት ይሰበራል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ስንት ደብር የተዘረፈበት አገር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚያዝዘውም ለዚህ ነው። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ገዢው ከሻጩ በላይ ጠያቂ መሆን አለበት። ከየት መጣ? ማን ያውቅሃል? የደብር ስም ተፍቆበታል ወይ? ተፍቆበት ከተገኘ ገንዘብ ሳይሆን ፖሊስ ነው የሚጠራው፤ መጽሐፉም ወደ ደብሩ እንጂ ወደ ስድስት ኪሎ አይሄድም። ግን ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱ ኪስ ባይኖር ሌባው አይጠፋም፤ ጠያቂ የሌለበት ገበያ ብቻ ነው የሚቀርለት።

"የስም መፋቅ" ያልኩት ለቋንቋ ማሳመሪያ አይደለም። የብራና መጽሐፍ ሲያልቅ በመጨረሻው ገጽ ጸሐፊው የራሱን ስምና ያጻፈውን ሰው ስም ያኖራል። አጻፊ ማለት ፍየሉንና በጉን ያሳረደ፣ ቆዳው እስኪፋቅና እስኪወጠር የጠበቀ፣ ጸሐፊውን ወራት ወይም ዓመት የቀለበ ሰው ነው። አንድ ትልቅ መጽሐፍ የመንጋ ቆዳ ይበላል። አጻፊው ይህን ሁሉ አውጥቶ መጽሐፉን ለራሱ አያስቀረውም፤ ለደብር ይሰጠዋል። የሚጠይቀው ዋጋ ስሙ በጸሎት እንዲነሣ ብቻ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ውግዘቱ ይመጣል፤ የሰረቀውም ሆነ የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል። ያም ሆኖ ስንቱ መጽሐፍ ላይ የፊተኛው አጻፊ ስም ተፍቆ የኋለኛው ገዢ ስም ተጽፎበታል! የወዳጆች ማኅበርን ከፈረንጅ የመጣ ልማድ አድርገው የሚያዩ አሉ። እኔ ግን አጻፊን እንጂ ፈረንጅን አላይበትም። ልዩነቱ አንድ ባለጠጋ ብቻውን ያደርገው የነበረውን መቶ ሰው ተዋጥቶ ማድረጉ ነው። ይህንንስ ቢሆን እድርና ዕቁብ ላለው ሕዝብ ማን ያስተምረዋል?

ሳይገዙ ማዳንም አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና የአሜሪካ ተቋማት ተባብረው ብራናዎችን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ፤ በአብዮቱም ዘመን ሳይቋረጥ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተነሡ። ፊልሙ ሚኒሶታ ደረሰ፤ መጽሐፉ ግን ካለበት ደብር አልተነቃነቀም። እነዚያን ፊልሞች ሚኒሶታ ተቀምጠው መጽሐፍ በመጽሐፍ እያነበቡ ዝርዝራቸውን ያወጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በአብዮቱ መባቻ በጥይት ተመትተው ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር የጨረሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉ ሊቅ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሪታ በ2019 አልፈዋል። ሆይናትስኪም ቀደም ብለው በ2010 አርፈዋል። ወዳጅ የምንላቸው ሰዎች እንደዋዛ አለቁ። ስማቸውን ስንቆጥር ደግሞ አብዛኛው የውጭ አገር ስም መሆኑ ቅር ያሰኘኛል። እነሱን አላማሁም፤ ራሳችንን ነው።

እኔ የምኖረው ቡራዩ ነው። ስድስት ኪሎ ለመድረስ በአስኮ አድርጌ ፒያሳ ወርጄ ሌላ ታክሲ እይዛለሁ። የሱሉልታ ሰው እንጦጦን ተሻግሮ በአዲሱ ገበያ በኩል ይገባል፤ የሰበታ ሰው በዓለም ገና ወይም በአየር ጤና። ሦስቱም ከተሞች ለአዲስ አበባ ሲሰጡ የኖሩ ናቸው። ገፈርሳ ከቡራዩ ውኃ አጠጥቷታል፤ የሱሉልታ ሜዳ ወተትና ድርቆሽ ሰጥቷታል፤ ሰበታ በ1950ዎቹ በተቋቋመው ሜታ አቦ ቢራ አጠጥቷታል። ከዋና ከተማዋ ግን መጽሐፍ ጠባቂ ነገር አልደረሳቸውም። እኛ ዘንድ የብራና መጽሐፍ በየደብሩ አለ፤ ከዚያ ባሻገር ያለን ወረቀት ነው። የማዘጋጃ ቤት መዝገብ፣ የፋብሪካ ፋይል፣ የገበሬ ማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የትምህርት ቤት የስም መጥሪያ። በወረቀት ያልሰፈረው ደግሞ በሽማግሌዎች አፍ ላይ ነው፤ ማን የየትኛው ጎሣ እንደነበር፣ የትኛው መንደር የየትኛው አባወራ ርስት እንደነበር በኦሮምኛ የሚተርኩ አዛውንቶች በየዓመቱ ያልፋሉ።

ወረቀት የሚጠፋው በእሳት ብቻ አይደለም፤ በሥልጣን ርክክብም ይጠፋል። ሜታ አቦ በ2004 ዓ.ም. ከመንግሥት ወደ ዲያጆ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ቢጂአይ ተላለፈ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታም በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በተባለው አዲስ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ። አዲስ ባለቤት ወይም አዲስ አስተዳዳሪ ሲገባ ቢሮ ይጸዳል፤ ቢሮ ሲጸዳ መጀመሪያ የሚወጣው አሮጌ ፋይል ነው። ባለፈው ዓመት ሱሉልታ ገበያ ላይ ቆሎ ገዝቼ መጠቅለያውን ስፈታው የደመወዝ መክፈያ ቅጽ ሆኖ አገኘሁት። 1968 ዓ.ም. ይላል። የአሥራ አንድ የቀን ሠራተኞች ስም በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል፤ ዘጠኙ የፈረሙት በጣት አሻራ ነው። ቆሎ ሻጯን "እናቴ፣ ሌላው ወረቀት የት አለ?" ብዬ ብጠይቃት "አለቀ የኔ ልጅ፤ በኪሎ ነው የገዛሁት" አለችኝ። እሷ ከቤተ መጻሕፍት ቀድማ የደረሰች ኪስ ነበረች። ምን ብዬ እወቅሳታለሁ?

ከዚያ በኋላ ነው የሠፈራችንን እድር መዝገብ ያሰብኩት። ጸሐፊያችን የነበሩት አዛውንት ሦስት ትልልቅ መዝገቦች በላስቲክ ጠቅልለው ከአልጋ ሥር አስቀምጠዋል፤ የመጀመሪያው የሚጀምረው ከ1964 ዓ.ም. ነው። አንድ እሑድ ሄጄ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ማን መቼ እንደሞተ፣ ለቀብሩ ስንት እንደወጣ፣ ማን መዋጮ እንዳጓደለ ሁሉ አለ። የስኳሩ፣ የአቡጀዲው፣ የሣጥኑ ዋጋ ከዓመት ዓመት ሲወጣ ይታያል። በ1969ና በ1970 ከአንዳንድ ስም አጠገብ ምንም ምክንያት ሳይጻፍ "ቀረ" የሚል አንዲት ቃል አለች። "ይህ ምን ማለት ነው አባባ?" አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና "ቀረ ማለት ቀረ ነዋ። እድር አልቀበረውም" አሉኝ።

ወደ ቤተ መጻሕፍት ይወሰድ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ።

"ለአንተ አልሰጥም" አሉ ሳያመነቱ። "አትቀየም ልጄ። ለአንድ ሰው አይሰጥም። አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ዛሬ አለህ፣ ነገ ዐረብ አገር ትሄዳለህ። ይህ የሙት ስም ነው፤ የሚሰጠው ለቤት ነው። ቤቱን አሳየኝ።"

እንዲህ ያለ ቤት በቡራዩ አላገኘሁም። ስድስት ኪሎ አለ ብላቸው ደግሞ እድሩ መዝገቡን ለማየት ሁለት ታክሲ መያዝ አለበት ወይ ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም ልክ ነበሩ። ብዙ ቀን ከተመላለስን በኋላ በአንድ ነገር ተስማማን። መዝገቦቹ ከእድሩ ቤት አይወጡም፤ ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ይሆናል፤ እኛ ግን በየወሩ ከስብሰባው በኋላ ገጽ በገጽ በስልክ እናነሣለን። "እኛ" ያልኩት አምስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህርት፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና አንድ ፎቶ አንሺ። በወር መቶ መቶ ብር እናዋጣለን። በመጀመሪያው ገንዘብ የብረት ሣጥን ገዛን፤ በሁለተኛው ብል የማያስገባ ጨርቅና የምስሎቹን ማከማቻ ገዛን። ካነሣነው አንዱን ቅጂ እድሩ፣ አንዱን መምህርቷ ትይዛለች፤ ሦስተኛውን ሥራው ሲያልቅ ለስድስት ኪሎው ቤተ መጻሕፍት ለማቅረብ አዛውንቱ ፈቅደዋል፤ "ቀረ" የተባሉት ሰዎች ቤተሰቦች አስቀድመው ይጠየቁ በሚል ውል።

እስካሁን ከመጀመሪያው መዝገብ አልፈን ሁለተኛው ላይ 1971 ደርሰናል። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ወፍራም ክርና መርፌ ገዝተናል፤ መጽሐፍ መጠረዝ የሚያውቅ ሰው ግን ገና እየፈለግን ነው።